የተመልካቹ ስም

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ቀን፣ ምሳ ተበልቶ ሳህን ሳይነሳ ነው። መነጽር ሠሪው መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ፋርማሲ የምትሠራው ልጁ ለምሳ ብቅ ብላ ሳህኖቹን ልታነሳሳ ስትል ፖስተኛው አንኳኳ። ፖስታውን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀደደችው። «ምንድን ነው?» አላት። መጥታ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለችና ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበችለት።

የጻፈው በትልቁ የሰማይ ምርምር ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሳይንቲስት ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ሆነው ፀሐይን የሚዞሩ፣ አስትሮይድ የሚባሉ ሺህ ምንተሺህ ድንጋዮች አሉ፤ ከነሱ አንዱ፣ ወርዱ ሰባት ኪሎ ሜትር የማይሞላው፣ እስከ ዛሬ በቁጥር ብቻ ሲጠራ ኖሯል፤ ከእንግዲህ በመነጽር ሠሪው ስም እንዲጠራ ታስቧል። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ታይቶ ለዓመታት ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ሰማይን ለፍቅሩ ብቻ የሚመለከት አንድ መነጽር ሠሪ፣ መስታወቱን ራሱ ሞርዶ በሠራው ቴሌስኮፕ፣ ከቤቱ ጣራ ላይ ሆኖ መልሶ አገኘው። በጽሑፉ ውስጥ ስህተት ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያሳውቁን ይላል። ከዚያ ይታተማል፤ አንዴ ከታተመ ስሙ አይለወጥም።

ልጁ እንባዋ ቀደማት። «ምነው እማዬ ይህን አይታ በሞተች» አለች። ሬዲዮው የእግር ኳስ ውጤት ያወራ ነበርና አባትየው እሱን የሚሰማ መሰለ። ደስታው አስደንግጦት ነው ብላ አቀፈችው፣ ሳህኖቹን እንደተዝረከረኩ ትታ ወደ ሥራዋ እየሮጠች ሄደች።

የሰው ነገር ይገርማል። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰው በአንድ ሳምንት የሰፈሩ መኩሪያ ሆነ። ድሮ «ጣራ ላይ ሌባ አለ» ብሎ ፖሊስ የጠራበት ጎረቤት ዐይኑን በጨው አጥቦ መጣና «እኔ መቼም ትልቅ ሰው እንደሚሆን ያኔውኑ አውቄ ነበር» አለ። ሥጋ ሻጩ ለድንጋዩ ካርታ ይወጣለት እንደሆነ ጠየቀ፤ ከወጣለት አንድ ጥግ ሊገዛ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ ያለ ራስ በየቀኑ አይገኝም ብሎ በነፃ ላጨው። መነጽር ሠሪው ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ፈገግታውን ደጅ ይተወዋል።

ድንጋዩን ያገኘው እሱ አይደለማ። ያገኘችው ከስድስት ዓመት በፊት የሞተችው ሚስቱ ናት። እሱ በዚያች ሌሊት ተኝቶ ነበር።

ሚስቱ በወጣትነቷ ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው፣ በሌሊት ፈረቃ። መቶ ሃያ ትንንሽ አምፖሎች ከተደረደሩበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ አንዷ ብልጭ ስትል ሳትፈልግ ታውቃት ነበር። ልጅ ወልዳ ሥራውን ስትተወው እንቅልፏ እንደ ፈረቃው ሆኖ ቀረ፤ ሌሊት ዐይኗ አልከደን አለ። ጣራ ላይ ወጥታ ከባሏ ጎን መቀመጥ የጀመረችው ለሳይንስ ተጨንቃ ሳይሆን አልጋው ላይ መገላበጡ ሰልችቷት ነው። ውላ አድራ ግን በለጠችው። ይህን እሱም ያውቀው ነበር፤ ማወቅና መናገር ግን ለየቅል ናቸው።

ሥራው ትዕግሥት የሚበላ ሥራ ነው። አንዱን የሰማይ ቁራሽ ዛሬ ሌሊት ፎቶ ማንሳት፣ ነገ ሌሊት ያንኑ ቁራሽ መልሶ ማንሳት፣ ከዚያ ሁለቱን ፊልሞች ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘርግቶ ነጥብ በነጥብ ማስተያየት። ኮከብ ቦታውን አይለቅም። ቦታዋን የለቀቀች ነጥብ ካለች እሷ አስትሮይድ ናት። ለአንድ ፎቶ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ አርባውን ደቂቃ ሙሉ አንድ ዐይን ከቴሌስኮፑ ሳይነቀል፣ መዘውሩን በጣት ጫፍ እያዞሩ መሪዋን ኮከብ ከመስቀለኛው ክር ላይ እንዳትወርድ መጠበቅ ነው። ማስነጠስ የለም፣ ማከክ የለም።

ያን ሳምንት መነጽር ሠሪውን ትኩሳት ጥሎት ነበር። ሚስቱ ልጇን አስተኝታ፣ ፎጣ አርሳ የባሏ ግንባር ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን ጣራው ላይ ወጣች፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሁለቱን ፊልሞች ካጠበች በኋላ ጠዋት አልጋው አጠገብ መጥታ «አንዷ ተነቃንቃለች» አለችው። ፊልሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «አቧራ ነው» አላት። አይደለም ብትለው «ስልክ ቤት መሰለሽ?» ብሎ ሳቀባት። በሦስተኛው ሌሊት ወጥታ እንደገና አነሳች። ነጥቧ የምስር ፍሬ ያህል እንደገና ፈቀቅ ብላ ተገኘች።

ያኔ ሳቁ ጠፋ። ትኩሳቱ ሳይለቀው ከአልጋው ተነስቶ ለካ፣ አሰላ፣ ለጣቢያው ሪፖርት ጻፈ፤ የሌሊት መዝገቡንም ቅጂ አብሮ ላከ። ከሪፖርቱ ግርጌ፣ «ተመልካች» ከሚለው ቃል ፊት፣ የራሱን ስም አሰፈረ። ለዚህም ምክንያት ነበረው፤ ምክንያት መቼም አይጠፋም። መነጽር ሠሪው ሲበዛ ንጹሕ ሰው ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን በማስመሪያ አስምሮ ቀኖቹን ከላይ እስከ ታች ይደረድራል፤ «ተመልካች» በሚለው ዐምድ ሥርም የራሱን ስም ሠላሳ ጊዜ ጽፎ ይገላገላል። ሌሊቱ ገና ሳይመጣ ስሙ ቀድሞ ይጠብቀዋል። እናም ለሚስቱ «መዝገቡ ላይ ያለው የኔ ስም ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ ከተለያዩ ያደናግራቸዋል» አላት። «ይሁን» አለችው።

ከሦስት ወር በኋላ ጣቢያው «የጠፋውን አገኙልን» ብሎ ሲመልስ፣ የሰባት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ በደስታ ቤቱን ዞረ። ሚስቱም አብራ አጨበጨበች። ድንጋዩን በቤት ውስጥ «ኮብላዩ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። «ኮብላዩ ዛሬ የት ደርሷል?» ትላለች ልጅቱ፤ አባትየው በጣቱ ሰማዩን ያሳያል፤ እናትየው ዝም ብላ ታያቸዋለች። ሆድ ይፍጀው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ሠላሳ ቀን ተሰጥቶታል። አንድ መስመር ይበቃ ነበር፦ ያገኘችው ሚስቴ ናት። ችግሩ መነጽር ሠሪው መጻፍ አይችልም። የሰው ዐይን ሲያቃና የኖረ ሰው የገዛ ዐይኑ መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቶታል፤ ፊት ለፊት ያየው ነገር ሁሉ ግራጫ ጉም ነው። የሚጻፈውን የምትጽፍለት፣ የሚነበበውን የምታነብለት ልጁ ናት። ስለዚህ ለጣቢያው ከመንገሩ በፊት ለሷ መናገር አለበት። ዐይኔ ቢያይ ኖሮ ራሴው ጽፌ ራሴው እልከው ነበር ብሎ ያስባል። ይህን ለራሱ ሲል ደግሞ ያፍራል፤ ዐይኑ በደህና ሲያይ ሃያ አምስት ዓመት አብሯት ኖሮ አልጻፈም።

ጠዋት ጠዋት ነገሩን አፉ ላይ ያዘጋጃል። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» ብሎ ሊጀምር ሲል ልጁ ጫማዋን እያደረገች ነው፤ ሥራ ረፍዷል። ማታ ስትመለስ ደግሞ ፊቷ ፈክቶ ትገባለች። ፋርማሲ የመጣ ሁሉ መድኃኒቱን ከመቀበሉ በፊት ስለ አባቷ ድንጋይ ሳይሰማ አይወጣም፤ ሳል ይዞት የመጣ ሰው ስለ ጁፒተር ተምሮ ይሄዳል። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም። እንዴት አድርጎ ይህን ሳቅ ይቀማት? አምስት ቀን አለፈ፤ አሥር ሆነ። ዝም ብል ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ መጣበት፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ መጣበት፤ የሚያስፈራው ደግሞ መልሱን ማወቁ ነው። ማንም አያውቅም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ልጁ ደብዳቤውን በመስታወት አስገጥማ ይዛ መጣች። መዶሻና ምስማር ፈልጋ ወንበር ላይ ወጣች። ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ መሐል ላይ የእናቷ ፎቶ ተሰቅሏል። ከምስማሩ ስታነሳት ድምፁን ሰማው።

«አታንሻት» አለ።

«ወደ ጎን ላደርጋት ነው አባዬ። ደብዳቤው መሐል ላይ ቢሆን—»

«አታንሻት አልኩሽ። ኮብላዩን ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ተኝቼ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተዘጋ ውሃ እንደተከፈተ ሁሉንም ነገራት፤ ትኩሳቱን፣ አቧራ ማለቱን፣ «ስልክ ቤት መሰለሽ?» ብሎ መሳቁን፣ መዝገቡን። ልጁ ከወንበሩ ወርዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ለማየት ራሱን ወደ ጎን ቢያዞርም የታየው መዶሻው ጭኗ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

«እሷ ምን አለችህ?» አለች።

«ይሁን አለች።»

«እማዬ ይሁን ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አታውቅም ነበር? እኔ እኮ በሰባት ዓመቴ አውቅ ነበር።»

ያን ማታውኑ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና «በል» አለችው። እሱ ተናገረ፤ እሷ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ ጻፈች፣ አንብባ አሰማችው፣ በስልኳ ገልብጣ ላከችው። የእናቷን ፎቶ መልሳ ሰቀለች። ደብዳቤውን ከነመስታወቱ አልጋ ሥር ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ«ብላ» እና ከ«መድኃኒትህን ውሰድ» በቀር ለአባቷ የምትናገረው ጠፋ። እሱ ግን፣ ስላስቀየማት ቢከፋውም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ ሊጠራ ነው ብሎ አመነ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሳይንቲስቱ ጨዋ ሰው ነው። ደብዳቤዎ ልባችንን ነክቶታል ይላል፤ ለሟች ባለቤትዎ ያለዎት ፍቅር ለሁላችንም ትምህርት ነው ይላል። ሆኖም በጊዜው የላኩት የመዝገብ ቅጂ በጣቢያው ቤተ መዛግብት አለ፤ በሦስቱም ሌሊቶች ተመልካቹ እርስዎ እንደሆኑ በገዛ እጅዎ ጽፈዋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሚመጣ ቃል ብቻ የተመዘገበን ነገር መለወጥ አይቻልም። ከነዚያ ሌሊቶች በባለቤትዎ እጅ የተጻፈ፣ ተመልካቿ እርሳቸው እንደነበሩ የሚያሳይ አንድ ወረቀት ቢገኝ ግን ይበቃናል፤ ኅትመቱን ሦስት ሳምንት እናዘገየዋለን፣ ከዚያ በላይ አንችልም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መነጽር ሠሪው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስገድደው ወረቀቱን ውሸት አስይዞት፣ አሁን ልቀቅ ቢለው እንቢ አለው።

ልጁ መዝገቦቹን ከቁም ሳጥን አውርዳ አንድ በአንድ ገለጠች። ሃያ ሁለት ናቸው። ሁሉም በአባቷ እጅ የተጻፉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለባቸው። ሳምንት ሙሉ ሳትናገረው ቆይታ አሁን የግዷን ጠየቀችው።

«ሌሊት እሷ ስትሠራ ምን ላይ ነበር የምትጽፈው?»

በብጣሽ ወረቀት ላይ ነበር። ለየሌሊቱ አንድ ወረቀት ነበረው፤ ሰዓቱን፣ የፊልሙን ቁጥር፣ የሰማዩን ሁኔታ በእርሳስ ትጽፍበታለች። እሑድ እሑድ እሱ ተቀምጦ በቀለም ወደ መዝገቡ ያሳምረዋል።

«ብጣሾቹስ?»

መነጽር ሠሪው እጆቹን ተመለከተ፣ ማለትም እጆቹ ወዳሉበት ጉም። ብጣሾቹን ወደ መነጽር ሱቁ ይወስዳቸው ነበር። ያለቀለት መነጽር ወደ ማኅደሩ ከመግባቱ በፊት እንዳይቧጨር በወረቀት ይጠቀለላል፤ ያ ወረቀት ለዚህ ልክ ነበር።

«የእማዬን ጽሑፍ መነጽር ጠቀለልክበት።»

«ለስላሳ ወረቀት ነበር» አለ። እንዲህ ያለ መልስ ከመስጠት ዝም ማለት ይሻል እንደነበር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ተቆጥታ ትወጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናት። የአባቷ ሱቅ ለዘለቄታው ሲዘጋ ወደ ቤት የመጡትን ካርቶኖች ስትፈትሽ አድራ የትእዛዝ ደብተሩን አገኘች። ከዚያ ሳምንት በኋላ ባሉት አንድ ወር ውስጥ መነጽራቸውን የወሰዱ አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው፣ ሥራቸው፣ አድራሻቸው ተጽፏል። ከፋርማሲ ስትወጣ ማታ ማታ እየዞረች ፈለገቻቸው። ዘጠኙ ሞተዋል። ሦስቱ ከተማውን ለቀዋል። ሌሎች ሦስት መጠቅለያ የሚባል ትዝ አላላቸውም። ከሞቱት የአንዷ አስተማሪ ልጅ የእናቱን ዕቃ ባለፈው ዓመት ነው የጣልኩት ብሎ አዘነላት። አንድ ሾፌር መነጽሩን እንጂ መጠቅለያውን ማን ያስቀምጣል ብሎ ከት ብሎ ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ነውና አልፈረደችበትም። እንዲህ እንዲህ ስትል ሁለት ሳምንት ተኩል አለቀ። ቀርቶ የነበረው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። ታሞ ከዘመድ ቤት ሰንብቶ የተመለሰው ያን ሳምንት ነበር።

ልብስ ሰፊው የአባቷ የድሮ ወዳጅ ነው፤ ከመሬት የወደቀች ክር እንኳ ተከትሎ የሚያነሳ ሰው። ረቡዕ ከሰዓት አባትና ልጅ ተያይዘው ሄዱ። አርብ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ይገባል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ ጨርቅ፣ የአዝራር ጠርሙስና በካርቶን የተቆረጠ ልኬት ተደራርቦበታል። ልብስ ሰፊው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ስለ ድንጋዩ እሱም ሰምቷል። ልጅቱ የመጡበትን ባጭሩ ነገረችው፤ በዚያ ዓመት የወሰዱት መነጽር መጠቅለያ ወረቀት ለኮከቡ ጉዳይ ይፈለጋል አለችው።

«የትኛው?» አለ ልብስ ሰፊው፤ «ሁለት ነው ያሠራሁት። አንዱ ይኸው አፍንጫዬ ላይ ነው። ሁለተኛውን ይሄ ሲሰበር አወጣዋለሁ ብዬ ነበር፤ አባትሽ አጥብቆ ስለሠራው እስካሁን አልተሰበረም።»

መሰላል ላይ ወጥቶ ከጨርቆቹ ጀርባ ሲፈልግ ቆየ። አቧራ የለበሰ ማኅደር ይዞ ወረደ። ክዳኑ ሲከፈት መነጽር ሠሪው ድምፁን ለየው፤ ራሱ የገጠመው ማጠፊያ ነው። ልጁ መነጽሩን አውጥታ ወረቀቱን በጥንቃቄ ፈታችው።

«እጇ ነው» አለች። «አባዬ፣ እጇ ነው። ሰባት ቁጥሩን ተመልከት።»

ሚስቱ ሰባትን ወገቡ ላይ ሰረዝ ሳታደርግበት አትጽፍም ነበር። ወረቀቱን ወደ ጎን፣ ከቀረችው የዐይኑ ዳር አጠገብ አደረገችለት፤ የደበዘዘ እርሳስ፣ ሰረዝ ያለበት ሰባት። ሊያለቅስ ደረሰ። ልጁ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ በዚህ ሁሉ ሳምንት ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን አነበበች። የሦስተኛው ሌሊት ነው። የፈለጉት እሱው ራሱ! ቀጠለች፤ ሰማዩ የጠራ፣ ነፋስ የለም፣ የፊልሙ ቁጥር ይህን ያህል፣ የተከፈተበት ሰዓት፣ የተዘጋበት ሰዓት። እዚያ ላይ ቆመች።

«ጨርሺው እንጂ» አለ።

«ጨርሻለሁ።»

«ከሥሩ አለ። ተመልካች የሚል አለ፤ ሁሌም ከሥሩ ነው የሚጻፈው።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ይዞ ሁለቱን ያያል። ልጅቱ ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ለአባቷ የሚያነብለት ሌላ ሰው የለም። ለአፍታ እንዳሰበችበት ከዝምታዋ ታወቀው።

«ተመልካች» አለች ቀስ ብላ፤ «ያንተን ስም ነው የጻፈችው። በራሷ እጅ።»

በዚያን ጊዜ ነው መነጽር ሠሪው ያስታወሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን ሲወቅስ ይህቺን ነገር አንድ ቀን አስታውሷት አያውቅም። ኮብላዩ ከመገኘቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ፎቶ ያነሳች ሌሊት። ጠዋት ብጣሿን ስትሰጠው ከሥሩ፣ ከ«ተመልካች» ፊት፣ የራሷን ስም ጽፋ ነበር። ላጲስ አነሳ። ወረቀቱ እንዳይቀደድ በሌላ እጁ ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል አጠፋው። የላጲሱን ብናኝ እፍ ብሎ በቦታው የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ አስረዳት፤ ጣቢያዎቹ ለአንድ ጣራ አንድ ስም ነው የሚያውቁት፣ የባልና ሚስት ጨዋታ እንዳይመስላቸው አላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ደግ ባል ነኝ ብሎ ነበር። እሷም የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ነክታ አየች፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ የራሷን ስም ደግማ አልጻፈችም። መዝገቡ ነው ያሳተኝ ሲል ኖረ። መዝገቡ ምን አደረገ? እሱ ያጠፋው ቀድሞ ነው፤ በገዛ ጣራዋ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ በጨለማ ስትጽፍ እንኳ የሱን ስም እንድትጽፍ አድርጎ።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ልጁ ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ምን ልበላቸው?» አለች። «ይህን ብልክ ላንተ ነው የሚመሰክረው።»

«አትላኪው።»

«ሌላ እኮ የለም አባዬ። አርብ ነው።»

«አውቃለሁ። እንዳለ ይታተም።»

እጇ ከትከሻው ላይ መቼ እንደተነሳ አላወቀም፤ ሲያስተውል ግን የለም። ወረቀቱን በታጠፈበት መስመር አጥፋ፣ መውሰድ እችላለሁ ወይ ብላ ልብስ ሰፊውን ጠየቀችው፤ መነጽሩን ብቻ ተዪልኝ አላት። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ፣ አባቷን ሳትጠብቅ ወደ ደጅ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ከተባለው ግማሹን ነው የሰማው። የገባው ይህ ነው፦ ወረቀት ተፈልጎ ነበር፣ ወረቀቱ ተገኘ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የወዳጁ ስም ነው። መቀሱን አስቀምጦ ተነሳ፣ የመነጽር ሠሪውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ በሙሉ ልቡ «እንኳን ደስ አለህ» አለው።

መነጽር ሠሪው እጁን አልነጠቀም። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለና በሩን በእጁ እየዳበሰ ወጣ።